ዳኛው ፊት ለልጁ የሚናገረው ማን ነው?

አንድ ልጅ በሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ ብዙዎቻችን ሲፒኤስ በምንለው፣ ከቤቱ ሲወሰድ ወላጆቹ በመጀመሪያ የሚያስቡት ስለ ሶሻል ወርከሯና ስለ ዳኛው ነው። ጥቂት ቆይቶ ግን ጨርሶ ያልጠበቁት ሰው ይደውላል። የመንግሥት ሠራተኛ አይደለም፣ ጠበቃ አይደለም፣ ደመወዝም የለውም። "ፍርድ ቤቱ ለልጃችሁ የሾመኝ ተሟጋች ነኝ፤ መጥቼ ላነጋግራችሁ እፈልጋለሁ" ይላል። አንዳንዱ ወላጅ "ሌላ ሰላይ ላኩብን" ብሎ ስልኩን ይዘጋበታል። ሌላው ደግሞ "ነፃ ጠበቃ አገኘን" ብሎ የሆዱን ሁሉ ይዘረግፍለታል። ሁለቱም ይጎዳሉ።

ሰውየው፣ ብዙ ጊዜም ሴትየዋ፣ በአሜሪካ በምሕፃሩ "ካሳ" እየተባለ የሚጠራው ፕሮግራም በጎ ፈቃደኛ ነው። በፍርድ ቤት የተሾመ ልዩ ተሟጋች ማለት ነው፤ ከገንዘብ ካሳ ጋር አይገናኝም። በልጁ ጉዳይ አንዳች ነገር የመወሰን ሥልጣን የለውም። ግን የሚወስነው ዳኛ የሚያነበውን ሪፖርት የሚጽፈው እሱ ነው፤ ያ ሪፖርት ከምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ወላጅ፣ አክስት ወይም አያት ከማያውቀው ብዙ ይለያል። ቀጥሎ ያለው በዋናነት የዋሽንግተን ግዛትን፣ በተለይም ሲያትልን የሚመለከት ነው። ፕሮግራሙ የተወለደው እዚያ ነው፤ ብዙ አበሻም የሚኖረው እዚያ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአንድ ዳኛ ጭንቀት የተነሣ

በ1970ዎቹ አጋማሽ በሲያትል የኪንግ ካውንቲ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ዴቪድ ሱካፕ የሕፃናት ጉዳይ ችሎት ላይ ይሠሩ ነበር። ከፊታቸው የመንግሥት ጠበቃ ይቆማል፤ የወላጅ ጠበቃ ይቆማል። አንዱ ልጁ ይወሰድ ይላል፣ ሌላው ይመለስ ይላል። ልጁ ራሱ ምን ይበላል፣ የት ይተኛል፣ ማንን ይናፍቃል የሚለውን በወጉ አይቶ የሚነግራቸው ግን አልነበረም። በሞላ መረጃ ሳይሆን በከፊል መረጃ የሰው ልጅ ዕድል እየቆረጡ መሆናቸው ዕረፍት ነሣቸው። ስለዚህ ሐሳቡን ሊደግፉ ይችላሉ የተባሉ ጥቂት ሰዎች ምሳቸውን ይዘው እንዲመጡና እንዲመካከሩ አስጠሩ። አራት አምስት ሰው ይመጣ ይሆናል ብለው ሲጠብቁ 50 ያህል ሰው መጣ ይባላል። ፕሮግራሙ በ1977 ሥራ ጀመረ። ብሔራዊ ማኅበሩ በ1982 ተቋቋመ፤ ዛሬ በ49 ግዛቶችና በዋሽንግተን ዲሲ 900 ገደማ የአካባቢ ፕሮግራሞች አሉ።

ሕጉም ያግዘው ነበር። ኮንግረስ በ1974 ያወጣው የሕፃናት ጥቃት መከላከያ ሕግ፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ግዛት ሁሉ በጥቃት ወይም በቸልተኝነት ምክንያት ጉዳዩ ፍርድ ቤት ለደረሰ ልጅ ወኪል እንዲሾም ያስገድዳል። በ1996 ሕጉ ሲሻሻል ደግሞ ያ ወኪል ጠበቃ ወይም የሠለጠነ በጎ ፈቃደኛ፣ ወይም ሁለቱም ሊሆን እንደሚችል በግልጽ ተጻፈ።

ከዚህ የተነሣ ነገሩ ከግዛት ግዛት ይለያያል። በቨርጂኒያ ለልጁ ጠበቃ ይሾምለታል፣ የካሳ በጎ ፈቃደኛ ከተመደበም በተጨማሪነት ነው። ሜሪላንድና ዲሲም ልጁ የራሱ ጠበቃ አለው። በሰሜን ካሮላይና በጎ ፈቃደኛውና ጠበቃው እንደ አንድ ቡድን ይሠራሉ። በዋሽንግተን ግዛት በጎ ፈቃደኛው ራሱ የልጁ ወኪል ሆኖ ሊሾም ይችላል፤ ሆኖም በ2021 በወጣ ሕግ ከ8 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች ጠበቃ የመመደቡ ሥራ ካውንቲ በካውንቲ እየተስፋፋ ነው። ስለዚህ ሲያትል ያለ ዘመዳችሁ የነገራችሁ ነገር ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ላይ ላይሠራ ይችላል።

ጠበቃና በጎ ፈቃደኛ የሚለያዩበት አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የልጅ ጠበቃ በብዙ ግዛቶች ልጁ የሚፈልገውን ይዞ ይከራከራል። የ14 ዓመት ልጅ "እናቴ ጋ መመለስ እፈልጋለሁ" ካለች ጠበቃዋ ያንን ይዞ ይቆማል። በጎ ፈቃደኛው ግን ለልጅቱ ይበጃታል ብሎ ያመነበትን ነው የሚያቀርበው። ልጅቱ የፈለገችውን ለዳኛው የመንገር ግዴታ አለበት፤ በዚያ የመስማማት ግዴታ ግን የለበትም። ስለዚህ በአንድ ችሎት ውስጥ የልጅቱ ጠበቃ "ትመለስ"፣ የካሳዋ ሴት "ገና ነው" ሲሉ ብትሰሙ አትደነቁ።

ጉዳዩ እንዴት ይሄዳል?

አንድ የታሰበ ምሳሌ እንውሰድ። የ6 ዓመት ወንድ ልጅና የ3 ዓመት እህቱ አሉ። እናታቸው ኤርፖርት አካባቢ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች፤ አባታቸው ሌላ ግዛት ነው። ልጆቹን ሌሊት የምትጠብቅላት ሴት ሥራ ስትቀይር እናትየው "ተኝተው ነው የሚያድሩት" ብላ ለብቻቸው ትታቸው መሄድ ጀመረች። ጎረቤት አየች፣ ደወለች። እንዲህ ያለው ጉዳይ በሕጉ ቸልተኝነት ይባላል። አሜሪካ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የልጅ መወሰድ ምክንያቱ ድብደባ ሳይሆን ቸልተኝነት ነው። በ2023 መስከረም መጨረሻ በመላው አገሪቱ ፎስተር ኬር፣ ማለትም በመንግሥት ኃላፊነት ለጊዜው ከወላጆቻቸው ውጭ እንዲኖሩ በተደረጉበት አያያዝ፣ ውስጥ የነበሩት ልጆች ከ340 ሺህ በላይ ነበሩ።

በዋሽንግተን ግዛት ልጅ ከተወሰደ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓላት ሳይቆጠሩ፣ የመጀመሪያው ችሎት መሰየም አለበት። ከሐምሌ 2023 ወዲህ በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት ልጅን ለማውጣት በቅርብ የሚደርስ አካላዊ ጉዳት መኖሩ መታየት አለበት፤ ድህነት ወይም ጠባብ ቤት ብቻውን ምክንያት አይሆንም። ወላጅ የመክፈል አቅም ከሌለው መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል። አስተርጓሚም ያለ ክፍያ ይቀርባል። ልጆቹ በአንዱ ወይም በሌላው ምክንያት ካልተመለሱ አቤቱታው ከቀረበ በ75 ቀን ውስጥ ማስረጃ የሚሰማበት ችሎት ይደረጋል። ከዚያ ቢያንስ በየ6 ወሩ ግምገማ አለ። በ12 ወር ውስጥ ደግሞ ልጁ በቋሚነት የት ይኑር የሚለው ይነሣል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስፈራው ቁጥር በ1997 የወጣው የፌዴራል ሕግ ያስቀመጠው ነው። ልጅ ካለፉት 22 ወራት ውስጥ 15ቱን ፎስተር ኬር ከቆየ፣ መንግሥት የወላጅነት መብት እንዲቋረጥ አቤቱታ ማቅረብ ይጠበቅበታል። ልጁ ዘመድ ጋ ከሆነ፣ ወይም መሥሪያ ቤቱ ለወላጅ ማቅረብ የነበረበትን እርዳታ ካላቀረበ፣ ወይም ሌላ አሳማኝ ምክንያት ካለ ልዩ ሁኔታ አለ። ግን ሰዓቱ ይቆጥራል። "ቀስ ብለን እንፈታዋለን" በሚል የአገር ቤት አያያዝ አንድ ዓመት ከሦስት ወር እንዴት እንደሚያልቅ የደረሰበት ያውቀዋል።

በጎ ፈቃደኛው ምን ያደርጋል?

ብሔራዊው ማኅበር ባወጣው መመዘኛ በጎ ፈቃደኛው ቢያንስ 21 ዓመት የሞላው ይሆናል። የወንጀልና የሕፃናት ጥቃት መዝገብ ይጣራበታል፣ ቃለ መጠይቅ ይደረግለታል፣ 30 ሰዓት ይሠለጥናል፤ ከዚያም ዳኛ ፊት ቃለ መሐላ ይፈጽማል። በየዓመቱ ተጨማሪ 12 ሰዓት ሥልጠና ይወስዳል። ብዙውን ጊዜ የሚይዘው አንድ ወይም ሁለት ጉዳይ ብቻ ነው። ጉልበቱም ያ ነው። ሶሻል ወርከሯ ብዙ ልጆች በእጇ አሉ፤ እሱ ስለ አንድ ቤተሰብ ብቻ ነው የሚያስበው። ሶሻል ወርከር ሲቀየር፣ ጠበቃ ሲለወጥ፣ ልጁ ከአንዱ ፎስተር ቤት ወደ ሌላው ሲዛወር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለ ሰው እሱ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

የሹመት ትእዛዙ በር ይከፍትለታል። ትምህርት ቤት ሄዶ የልጁን መዝገብ ማየት ይችላል። ሐኪሙን ይጠይቃል። አስተማሪውን፣ ፎስተር ወላጆቹን፣ አያቱን፣ እናቱን፣ አባቱን ያነጋግራል። ልጁን በአካል ቢያንስ በወር አንዴ ማየት ይጠበቅበታል። የማይሠራውም አለ፦ የሕግ ምክር አይሰጥም፣ ልጁን ቤቱ ወስዶ አያሳድርም፣ ለቤተሰቡ ገንዘብ አይሰጥም። "እባክህ የኤሌክትሪክ ክፈልልኝ" ቢሉት አይችልም። ግን "እናትየዋ መብራት ስለተቆረጠባት ነው ልጆቹ ያልተመለሱት፤ መሥሪያ ቤቱ ይህንን ይርዳት" ብሎ ለዳኛው ሊጽፍ ይችላል። ዳኛው ካዘዘ ደግሞ እርዳታው ሊሰጣት ይችላል።

ሪፖርቱ ምን ይመስላል? ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። መልካም ሪፖርት ያየውንና የሰማውን ከሚያስበው ለይቶ ይጽፋል። "ልጁ እናቱን ይወዳል" ቢል ዳኛውን ብዙም አይረዳውም። እንዲህ ቢል ግን ይረዳዋል፦ "በጉብኝቱ ክፍል ለአንድ ሰዓት ተኩል ቆየሁ። እናትየው ስትገባ ልጁ ከወንበሩ ዘሎ ወገቧን ያዘ። የ3 ዓመቷ ልጅ መጀመሪያ ፎስተር እናቷን ዞር ብላ አየች፤ ከዚያ ሄደች። እናትየው ምግብ ይዛ መጥታ ነበር፤ ሦስቱም አብረው በሉ። ሰዓቱ አለቀ ሲባል ልጁ ጫማውን አላደርግም ብሎ አለቀሰ። አስተማሪው ከጉብኝት ማግስት ክፍል ውስጥ እንደማይረጋጋ ነግራኛለች።" ከዚህ በኋላ አስተያየቱ ይመጣል፤ ጉብኝቱ ከሳምንት አንዴ ወደ ሁለቴ ከፍ ይበል፣ እናትየው የሌሊት የልጅ ጥበቃ የምታገኝበት መንገድ ይፈለግ፣ ወንድምና እህት አይለያዩ፣ ልጁ የንግግር ምርመራ ይደረግለት።

ዳኛው አስተያየቱን የመቀበል ግዴታ የለበትም። ጠበቆችም በጎ ፈቃደኛውን በመስቀለኛ ጥያቄ ሊይዙት ይችላሉ፤ "ይህንን በዓይንህ አይተሃል ወይስ ተነግሮህ ነው?" ይሉታል። ቢሆንም ያ ወረቀት ከባድ ነው። ለምን ቢባል፣ ክፍሉ ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ የሚከፈለውም የሚከሰሰውም ነገር የሌለበት እሱ ብቻ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ነው።

ይሉኝታ ወረቀት ላይ ሲሰፍር

አሁን የእኛ ሰው የሚጎዳበት ቦታ ላይ ደረስን። በጎ ፈቃደኛዋ እናትየውን "ምን እርዳታ ያስፈልግሻል?" ብላ ትጠይቃለች። እናትየው በይሉኝታ "ምንም፣ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ትላለች። ሪፖርቱ ላይ "እናትየው የሚቀርብላትን አገልግሎት አልፈለገችም" ተብሎ ይሰፍራል። የወላጅነት ሥልጠና ሲነገራት "እሺ፣ እሺ" ትላለች፤ ገብቷት ሳይሆን ለአክብሮት ነው። ሳትሄድ ስትቀር "ቃሏን አልጠበቀችም" ይሆናል። የ6 ዓመት ልጇን ስታጎርሰው ደግሞ፣ ጉርሻን የማታውቅ ሴት "ዕድሜው የሚፈቅድለትን ራሱን ችሎ የመብላት ልምድ አላዳበረችለትም" ብትል ከክፋት አይደለም። ያየችው ያንን ነው።

የዚህ ተቃራኒውም እውነት ስለሆነ መነገር አለበት። ልጅ ስላጠፋ በርበሬ ማጠን፣ በቀበቶ መግረፍ፣ ጉልበቱ እስኪደማ ማንበርከክ እዚህ አገር ጥቃት ነው፤ እኔም ቢጠይቁኝ የትም አገር ጥቃት ነው። "ባህላችን ነው" ብሎ ለበጎ ፈቃደኛዋ ማስረዳት ራስን ይበልጥ ማሠር ነው፤ ነገ እንደምትደግመው እየነገርሻት ነውና። ባህሉን የሚያውቅ ሰው ጥቅሙ ሁሉን ነገር ይቅር ማለቱ አይደለም፤ ጉርሻውንና በርበሬውን መለየት መቻሉ ነው።

ወላጆች ከሁሉ አስቀድመው ማወቅ ያለባቸው ነገር ይህ ነው፦ ለካሳ በጎ ፈቃደኛ የሚነገር ነገር ምስጢር ሆኖ አይቀርም። ለጠበቃ የተነገረ ምስጢር ይጠበቃል። ለበጎ ፈቃደኛ የተነገረ ግን ሪፖርት ውስጥ ሊገባ፣ ችሎት ላይም ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ሲደወል ስልክ መዝጋትም፣ ያለ ዝግጅት ሁሉን መዘርገፍም ትክክል አይደለም። ለጠበቃ መጀመሪያ ደውሎ "እሱን ላነጋግር ነው፣ ምን ትላለህ?" ማለት ነው። ከዚያ ማነጋገር። እምቢ ያለ ወላጅ በሪፖርቱ ላይ ድምፅ አይኖረውም፤ ወረቀቱ ግን ያለሱም ይጻፋል።

አስተርጓሚ መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። የሥራ እንግሊዝኛ አለኝ ብሎ የልጅን ጉዳይ በዚያ መነጋገር አደገኛ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ትልቋን ልጅ እንድታስተረጉም ማድረግ ነው። የ11 ዓመት ልጅ ስለ ራሷ መወሰድ በእናቷና በማታውቀው ሰው መካከል ተቀምጣ ማውራት የለባትም፤ በጎ ፈቃደኛውም ይህንን መፍቀድ የለበትም።

ቋንቋ ሌላም ጣጣ አለው። አማርኛ በማይነገርበት ፎስተር ቤት የገባች የ3 ዓመት ልጅ አማርኛዋን የምትረሳው በወራት ውስጥ ነው። ከዚያ በጉብኝት ቀን እናትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው መግባባት ያቅታቸዋል። ጉብኝቱን የሚቆጣጠረው ሰው ደግሞ የሚባለውን መስማት ስላለበት እንግሊዝኛ ብቻ ተናገሩ የሚልበት ጊዜ አለ። ይህንን ያላወቀ ታዛቢ "ልጅቱ ከእናቷ ጋር ያላት ቅርበት እየቀነሰ ነው" ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ የቀነሰው ግን ቃላቱ ነው። እዚህ ላይ አንድ ንቁ በጎ ፈቃደኛ ብዙ ይሠራል። ጉብኝቱ በአስተርጓሚ ይሁን፣ በሳምንቱ ውስጥ በቪዲዮ ስልክ ከአያቷ ጋር ታውራ፣ ቢገኝ አማርኛ ተናጋሪ ቤት ትዛወር ብሎ ይጠይቃል። ወላጅም በጠበቃው በኩል ይህንኑ መጠየቅ ይችላል፤ ካልተጠየቀ ማንም አያስታውሰውም።

ዘመድ የት ነው ያለው?

በ2008 የወጣ የፌዴራል ሕግ ልጅ በተወሰደ በ30 ቀን ውስጥ አያቶችና ሌሎች ለአቅመ አዳም የደረሱ ዘመዶች ተፈልገው እንዲነገራቸው ያዛል። መሥሪያ ቤቱ በቀላሉ የሚያገኘው ግን ስማቸው የተሰጠውን ነው። የእኛ ሰው እዚህ ላይ ይዘጋል። "ገመናችን አደባባይ አይውጣ፣ ሰው ምን ይለናል" ይላል። የእናትየው እህት ሬንተን፣ የአጎቷ ልጅ ኬንት፣ እዚያው ሲያትል አጠገብ እያሉ ልጆቹ ፈጽሞ ከማያውቁት ሰው ጋር የሚያድሩት አንዳንዴ ስም ባለመጠራቱ ብቻ ነው። በኋላ፣ ከስምንት ወር በኋላ፣ አክስትየው ሰምታ እያለቀሰች ትመጣለች። ፍርድ ቤቱ ግን "እስካሁን የት ነበርሽ?" ማለቱ አይቀርም፤ ልጆቹ ፎስተር ቤቱን ለምደውታል ይባላል።

ዘመድ ማለት ደግሞ የሥጋ ብቻ አይደለም። በዋሽንግተን ሕግ ልጁና ቤተሰቡ የሚያውቁት፣ ተስማሚ ሆኖ የተገኘ ሌላ ሰውም ሊታሰብ ይችላል። የክርስትና እናት፣ የእናትየው የልብ ጓደኛ፣ ልጆቹ "እትዬ" እያሉ ያደጉባት ጎረቤት እዚህ ውስጥ ይገባሉ። የወንጀል መዝገባቸውና ቤታቸው ይጣራል። ሌላ ግዛት ያለ ዘመድ ከሆነ በግዛቶች መካከል ባለው ስምምነት መሠረት የሚደረገው ማጣራት ወራት ስለሚወስድ ስሙ በመጀመሪያው ሳምንት ቢሰጥ ይሻላል። ለሶሻል ወርከሯ የተሰጠውን የስም ዝርዝር ለካሳው በጎ ፈቃደኛም መስጠት ብልህነት ነው፤ "አክስትየውን ለምን እስካሁን አልደወላችሁላትም?" ብሎ ችሎት ላይ የሚጠይቅ ሰው ይገኛል።

የሚነቀፍበት ነገር

ፕሮግራሙ እንደ መልአክ ሥራ ተደርጎ ስለሚነገር ትችቱን ብዙ ሰው አይሰማም። ትችቱ ግን ባዶ አይደለም። በጎ ፈቃደኞቹ በአብዛኛው ነጮች፣ ሴቶችና መካከለኛ ገቢ ያላቸው ናቸው፤ ልጆቹ የድሃ ልጆች ናቸው፣ ጥቁሮችም ከቁጥራቸው በላይ ይበዛሉ። ደህና ቤት ያለው ሰው በጎ አሳቢ ሆኖም ቢሆን የራሱን ቤት መለኪያ አድርጎ የድሃን ቤት ሊፈርድ ይችላል። ፎስተር ቤቱ ውስጥ ልጁ የራሱ ክፍል፣ ብስክሌት፣ ግቢ አለው፤ እናቱ ጋ ከእህቱ ጋር አንድ አልጋ ላይ ይተኛል። "የት ይሻለዋል?" ተብሎ ከተጠየቀ እናትየው ገና ሳይጀመር ተሸንፋለች። መጠየቅ ያለበት "እናቱ ጋ አደጋ አለ ወይ?" የሚለው ነው።

ጥናቶችም አሉ። በ2004 በብሔራዊ ደረጃ የተደረገ ግምገማ በጎ ፈቃደኛ የተመደበላቸው ልጆች ብዙ አገልግሎት እንደሚያገኙ አይቷል፤ ዘመድ ጋ የመቀመጣቸው ዕድል ግን ካልተመደበላቸው ያነሰ ነበር፣ በጎ ፈቃደኞቹም ለጥቁር ልጆች ጉዳይ የሚያውሉት ሰዓት ያንስ ነበር። ደጋፊዎቹ ዳኞች ካሳ የሚመድቡት ለከበዱት ጉዳዮች ስለሆነ ማወዳደሩ አስቸጋሪ ነው ይላሉ። ይህም እውነት ነው። እኔ ግን የሰዓቱ ነገር በዚህ ይሸፈናል ብዬ አላምንም።

አማርኛ ተናጋሪ ቢገባበትስ?

መግባቱ ይጠቅማል፤ ግን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ማኅበረሰባችን ትንሽ ናት። በአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ በአንድ ዕድር፣ በአንድ ዕቁብ የምንተዋወቅ ነን። ጉዳዩ የሚያውቁት ሰው ሆኖ ከተገኘ በጎ ፈቃደኛው ወዲያው ለተቆጣጣሪው ተናግሮ መውጣት አለበት። ያልታወቀ ቤተሰብ ሆኖ ቢገኝም የሰማውን ለባለቤቱ እንኳ ማውራት አይችልም፤ የልጆቹ ፋይል ምስጢር ነው። ቡና ላይ ስም ሳይጠራ "አንዲት እናት አለች…" ብሎ የጀመረ ሰው ከቀኑ መጨረሻ በፊት ማን እንደሆነች ታውቆበታል። ሽማግሌ ሆኖ ባልና ሚስት ማስታረቅም ሥራው አይደለም፤ ብዙ ሰው ይህንን ሲሰማ ያዝናል።

አማርኛ መቻሉ አስተርጓሚ አያደርገውም፤ ችሎት ላይ ብቁ የሆነ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ መቆም አለበት። ቋንቋው የሚጠቅመው በሌላ በኩል ነው። እናትየው "ደህና ነኝ" ስትል ቀጥሎ ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል። ጉርሻው ምን እንደሆነ ያውቃል። ልጁ በጾም ምክንያት ሥጋና ወተት እንደማይበላ ፎስተር ቤቱ ካልገባው ያስረዳል። አንዳንዴም አማርኛ ለማይገባው ሌላ በጎ ፈቃደኛ ቆንጆ የመሰለው ቃል ስድብ ወይም ማስፈራሪያ መሆኑን እሱ ይሰማል፤ ይጽፈዋልም።

ማመልከት የሚፈልግ ሰው በሚኖርበት ካውንቲ ስም የካሳ ፕሮግራሙን ይፈልጋል። የሕግ ዲግሪ አይጠየቅም። የሚጠየቀው ጊዜ ነው፤ ብዙ ፕሮግራሞች ጉዳዩ እስኪያልቅ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ሁለት ዓመት እንዲቆዩ ይጠይቃሉ። ሥልጠናው በማታና በቅዳሜ የሚሰጥበት ቦታ አለ። ሪፖርት በእንግሊዝኛ መጻፍ ግድ ስለሆነ አጻጻፉ ላይ የሚጠራጠር ሰው በቃለ መጠይቁ ጊዜ ቢናገር ይሻላል፤ ረቂቁን የሚያርም ተቆጣጣሪ አለ። ፈረቃ የሚሠራም ቢሆን ችሎት የሚሰየመው በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት መሆኑን አስቀድሞ ያስብበት። ጉዳዩ ሲዘጋ፣ ልጆቹ ቤታቸው ቢመለሱም፣ ዘመድ ጋ ቢቀሩም፣ በሌላ ቤተሰብ በጉዲፈቻ ቢወሰዱም፣ ዳኛው ሹመቱን ያነሣል፤ ከዚያ በኋላ ያ ሰው ፋይሉን የማየትም ሆነ በተሟጋችነት ልጆቹን የመጎብኘት መብት የለውም።